የቤተ ሰብ ጤና፦ ስለ ተያዘ ትከሻ

ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በትንሽ ነገር ነው። አንዲት የቤት እመቤት ለቅዳሴ ስትዘጋጅ ነጠላዋን አመሳቅላ ለመልበስ እጇን ወደ ኋላ ስትሰድ ክንዷ ከግማሽ መንገድ ይቀራል፤ ትከሻዋንም ወጋ ያደርጋታል። «ሌሊት አጉል ተኝቼበት ይሆናል» ብላ ታልፈዋለች። ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ግን ጠጕሯን ለማበጠር ክንዷን ማንሣት ያቅታታል፤ ከመደርደሪያ ላይ ዕቃ ማውረድ፥ ከምጣድ ላይ አክንባሎ ማንሣት፥ የቀሚሷን መዝጊያ ከኋላዋ መያዝ እያንዳንዱ የሚያስጨንቅ ሥራ ይሆንባታል። ሌሊቱ ከቀኑ ይከፋል፤ በታመመው ጎን መተኛት አይሞከርም፤ በደኅናው ጎን ሲተኙም ክንዱ ወደ ፊት እየወደቀ ትከሻውን ሲስበው ከእንቅልፍ ያነቃል። ወንዶችም ከዚህ አያመልጡም፤ እነርሱ ነገሩን የሚያውቁት ኮታቸውን ሲለብሱ ሁለተኛውን እጅጌ ማግኘት ሲያቅታቸው ወይም ከኋላ ኪሳቸው ቦርሳ ማውጣት ሲሳናቸው ነው።

ይህ ሕመም ሰውን አይገድልም፤ በየቤቱም እንደ ቀላል ነገር የሚቈጠረው ስለዚሁ ይመስለናል። ነገር ግን የቤቱ ሥራ ሁሉ በእጇ የሚያልፍ እናት ክንዷን ለአንድ ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም ለሁለትና ለሦስት ዓመት ስታጣ ቤቱ በሙሉ ይታመማል። ከውጭ ሲያዩት እብጠት የለበትም፥ ቍስል የለበትም፥ በራጅም ሲነሣ አጥንቱ ደኅና ሆኖ ይታያል፤ ስለዚህ «ሥራ ጠልታ ነው» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ከዚህም የባሰው ጕዳት የሚመጣው ከሕመሙ ሳይሆን «ክንዱ ተይዟልና ይጎተት» ከሚለው ምክር ነው። ወደዚህ ነገር በኋላ እንመለሳለን፤ አስቀድመን ግን ሕመሙ ምን እንደ ሆነ እናስረዳ።

ሐኪሞች በእንግሊዝኛ «ፍሮዝን ሾልደር» ይሉታል፤ በረዶ የሆነ ትከሻ እንደ ማለት ነው። ይህን ስም እ.ኤ.አ. በ1934 ያወጣለት ኧርነስት አሞሪ ኮድማን የተባለ አሜሪካዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሲሆን፥ ከእርሱ በፊት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1872 ዱፕሌ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ስለዚሁ ዓይነት ሕመም ጽፎ ነበር። ጃፓኖች «የኀምሳ ዓመት ትከሻ» ይሉታል። እውነቱን ለመናገር ከሁሉ የሚሻለው የጃፓኖቹ ስም ነው፤ ሕመሙ ከ40 እስከ 60 ዓመት ባለው ዕድሜ፥ ከወንዶችም ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛልና። የእንግሊዝኛው ስም ግን ሰውን ያሳስታል። በእኛም አገር ትከሻው የያዘው ሰው «ብርድ ገባኝ፥ ነፋስ መታኝ» እያለ ጋቢ ደርቦ ይቀመጣል። ጋቢው አይጎዳውም፤ ሙቀት ሕመሙን ያለዝባልና። ዳሩ ግን ሕመሙን ያመጣው ብርድ አይደለም፤ ጋቢ በመደረብ ብቻም አይለቅም።

የትከሻ መጋጠሚያ ከሰውነታችን መጋጠሚያዎች ሁሉ ይልቅ በብዙ አቅጣጫ የሚዞር ነው። የክንድ አጥንት ራስ እንደ ኳስ ክብ ሲሆን፥ የሚያርፍበት ቦታ ግን እንደ ትንሽ ሳሕን ጥልቀት የሌለው ነው። ሁለቱን የሚያቅፋቸው ቀጭንና ልል ከረጢት አለ። ክንድ ሲወርድ ይህ ከረጢት በብብት በኩል እንደ ልብስ ይታጠፋል፤ ክንድ ሲነሣም እጥፋቱ ይዘረጋል፤ እጃችንን ወደ ላይ ዘርግተን ለመጸለይ የምንችለው በዚህ ልልነት ነው። በዚህ ሕመም ጊዜ ከረጢቱ አስቀድሞ ይቈጣል፥ ቀጥሎም ይወፍራል፥ እንደ ጠባሳም እየጠነከረ ይጨማደዳል። ጤነኛው ከረጢት 20 ሚሊ ሊትር ያህል ፈሳሽ ሊይዝ ሲችል የተጨማደደው ብዙ ጊዜ 10 ሚሊ ሊትር እንኳ አይቀበልም። እንግዲህ ክንዱ የማይነሣው ጡንቻው ስለ ሰነፈ አይደለም፤ በፈላ ውሃ ታጥቦ እንደ ተሰበሰበ ልብስ ከረጢቱ ስለ ጠበበው ነው።

ሕመሙ ሦስት ወቅቶች አሉት። በመጀመሪያው ወቅት ሥቃዩ ይበረታል፥ ክንዱም ቀስ በቀስ እየተያዘ ይሄዳል፤ ይህ ከ2 እስከ 9 ወር ይቈያል። በሁለተኛው ወቅት ሥቃዩ ይቀንሳል፥ ትከሻው ግን እንደ ደረቀ ይቀመጣል፤ ይህም ከ4 እስከ 12 ወር ነው። በሦስተኛው ወቅት ከረጢቱ እየላላ ክንዱ ይፈታል፤ መፍታቱ ከአንድ ዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል። ሪቭስ የተባለ ሐኪም ሕሙማንን ለዓመታት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለው ዘመን በአማካይ 30 ወር ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ብዙዎቹ ሕሙማን ወደ ቀድሞው ይመለሳሉ ወይም ለኑሮ የሚበቃ ክንድ ያገኛሉ፤ ጥቂት ደረቅነት የሚቀርባቸውም አሉ። ይህን ሁሉ ወር መቍጠራችን አንባቢን ለማስፈራራት አይደለም። በሦስተኛው ወር «አልዳንኩም» ብሎ ሐኪሙን፥ በአምስተኛው ወር መድኃኒቱን፥ በሰባተኛው ወር ጠበሉን እየተወ የሚንከራተት ሰው ብዙ ጊዜ የሚጎድለው የሕመሙን ዕድሜ ማወቅ ብቻ ነው።

ትከሻ የሚያም ነገር ሁሉ ግን ይህ ሕመም አይደለም። ለመለየት የሚረዳ አንድ ቀላል መንገድ አለ። ታማሚው ክርኑን ከጎኑ አጣብቆ ዐጥፎ ክንዱን ወደ ፊት ይዘርጋ፤ ከዚያም ክርኑን ሳያላቅቅ መዳፉን ወደ ውጭ፥ በር እንደሚከፍት ሰው ያዙር። ቀጥሎ ሌላ ሰው በቀስታ ይርዳው። በራሱም በሰው እርዳታም የማይዞር ከሆነ የተያዘው ከረጢቱ ሊሆን ይችላል። በራሱ አቅቶት በሰው እርዳታ ግን ወደ ሙሉ ቦታው የሚሄድ ከሆነ የጅማት መበጠስ ሊሆን ስለሚችል ሕክምናው ሌላ ነው። ሐኪም ራጅ የሚያዝዘውም ይህን ሕመም በራጅ ለማየት ሳይሆን፥ የመጋጠሚያ መበላት ወይም የአጥንት መውለቅ አለመሆኑን ለማረጋገጥ ነው።

ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም ቤት የሚያስሄዱም ምልክቶች አሉ። ደረትን ከማፈን፥ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር በድንገት የሚመጣ የትከሻና የክንድ ሕመም የልብ ሊሆን ይችላልና አንድ ሰዓት እንኳ አይታደርበትም። ትከሻው ቀልቶና አብጦ ትኵሳት ካለ በመጋጠሚያው ውስጥ መግል ሊኖር ይችላል። ያለ ምክንያት መክሳት፥ በትከሻ ላይ የሚያድግ እብጠት፥ ወይም ከመውደቅ በኋላ ጨርሶ የማይነሣ ክንድ ካለም እንዲሁ ነው።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ልናሳስበው ወደምንሻው ነገር ደርሰናል፤ ይኸውም የስኳር በሽታ ነው። ከጠቅላላው ሰው ይህ የትከሻ ሕመም የሚያገኘው ከመቶ ከ2 እስከ 5 የሚሆነውን ሲሆን፥ ከስኳር ሕሙማን ግን ከመቶ ከ10 እስከ 20 የሚሆኑትን ያገኛቸዋል። በእነርሱም ላይ ይበረታል፥ ይቈያል፥ ሁለቱን ትከሻዎች የመያዝ ዕድሉም ይበዛል። አንዳንድ ሰው ስኳር እንዳለበት የሚያውቀው ስለ ትከሻው ሊታከም ሄዶ ደሙ ሲመረመር ነው። ስለዚህ ያለ መውደቅና ያለ መመታት ትከሻው የተያዘ ሰው ሁሉ የደም ስኳሩን እንዲያስመረምር አጥብቀን እንመክራለን። የእንቅርት ዕጢ መታወክም ከዚህ ሕመም ጋር አብሮ ይታያል። ክንዳቸው ተሰብሮ ለብዙ ሳምንት ታስሮ የቈየ፥ በስትሮክ አንድ ጎናቸው የደከመ፥ የጡት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰዎችም ትከሻቸው እንዳይደርቅ ከመጀመሪያው መጠንቀቅ ይገባቸዋል።

ወደ መጎተቱ ነገር እንመለስ። ወጌሻን የምንንቅ አይደለንም፤ ሐኪም ቤት በሌለበት ዘመን አያቶቻችን የተረዱት በእነርሱ እጅ ነው። ነገር ግን ይህ ትከሻ አልወለቀም፤ ወደ ቦታው የሚመለስ አጥንት የለውም። የተቈጣ ከረጢት በኀይል ሲጎተት ይበልጥ ይቈጣል፤ ሊቀደድም ይችላል፤ አጥንታቸው በዕድሜ የሳሳ ባልቴቶች ከሆኑ አጥንት እስከ መስበር ይደርሳል። በሐኪም ቤት በማደንዘዣ አስተኝተው ክንድን የሚያላቅቁ የአጥንት ሐኪሞች እንኳ ይህን አደጋ ፈርተው በጥንቃቄ ይሠራሉ። ታሽቶ ካደረ በኋላ ሌሊቱን ሲያቃስት ያደረ ታማሚ «ሊድን ሲል ነው» ቢባል አይመን።

በሌላው ወገን ደግሞ ክንዱን በሻሽ ከአንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወራት የሚቀመጥ አለ። ይህም የመጀመሪያውን ያህል ይጎዳል፤ የማይዘረጋ ከረጢት እየጠበበ ይሄዳልና። መንገዱ በሁለቱ መካከል ነው። በኔዘርላንድስ አገር በግሮኒንገን ከተማ ዲርክስና ስቲቨንስ የተባሉ ሐኪሞች 77 ሕሙማንን በሁለት ከፍለው ተከታተሉ፤ ለአንደኛው ወገን ሥቃይን እየተሻገሩ በብርቱ የመሳብ ልምምድ ሰጡት፤ ለሁለተኛው ወገን ግን ሕመሙን አስረድተው ሥቃይ በማያደርስ መጠን ብቻ እንዲንቀሳቀስና የሚችለውን ሥራ እንዲሠራ ነገሩት። እ.ኤ.አ. በ2004 እንዳሳተሙት ከሁለት ዓመት በኋላ በለዘብታ ከተያዙት ከመቶ 89ኙ ሥቃይ የሌለበትና ወደ ጤነኛ የቀረበ ትከሻ ሲያገኙ፥ በብርቱ ከተሳቡት እንዲህ የሆኑት ከመቶ 63 ብቻ ነበሩ። ጥናቱ ሰፊ ባይሆንም፥ «ካላመመ አይድንም» ለሚሉ ሰዎች በቂ መልስ ይመስለናል።

እንግዲህ በቤት የሚሠራው ምንድን ነው? አስቀድሞ ትከሻውን ማሞቅ ነው፤ በሙቅ ውሃ የተነከረና የተጨመቀ ፎጣ ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ ይበቃል። የስኳር ሕሙማን ቆዳቸው ሙቀትን አጥርቶ ላያውቅ ስለሚችል ፎጣውን ሌላ ሰው በእጁ ይሞክርላቸው። ከዚያ በደኅናው እጅ ጠረጴዛ ተደግፎ ጎንበስ ማለትና የታመመውን ክንድ ወደ መሬት ማንጠልጠል ነው። ክንዱ ራሱን የቻለ አይሁን፤ ቄሱ እንደሚያወዛውዙት ጽና ተንጠልጥሎ፥ ከወገብ በሚመጣ ትንሽ ንቅናቄ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፥ ቀጥሎም በትንሽ ክብ ይወዛወዝ። ይህ ዓይነት ልምምድ በዚያው በኮድማን ስም የሚጠራ ነው፤ ሥቃዩ በበረታበት በመጀመሪያው ወቅትም የሚቻል ስለ ሆነ እኛ ከሌሎቹ ሁሉ እናስቀድመዋለን። ሁለተኛው ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ እጅን በጨርቅ ላይ አሳርፎ፥ ጠረጴዛ እንደሚወለውል ሰው ወደ ፊት እያንሸራተቱ ደረትን አብሮ ማስከተል ነው።

ሥቃዩ ሲቀንስና ደረቅነቱ ብቻ ሲቀር ሌሎቹ ይጨመራሉ። ወደ ግድግዳ ዞሮ መቆምና በጣቶች ግድግዳውን እየወጡ እስከሚቻለው ድረስ መድረስ፥ የደረሱበትንም በእርሳስ ምልክት ማድረግ ጥሩ ነው፤ ምልክቱ በወር ሁለት ጣት ከፍ ካለ ለታማሚው ትልቅ መጽናኛ ነው። የመጥረጊያ እንጨት በሁለት እጅ ይዞ፥ ክርኖችን ከጎን ሳያላቅቁ፥ በደኅናው እጅ የታመመውን ወደ ውጭ ቀስ ብሎ መግፋት ደግሞ ከሁሉ የዘገየውን መዞር ያስመልሳል። (መቋሚያም በርዝመቱ ለዚህ ይመች ነበር፤ ግን እርሱ ለሌላ አገልግሎት የተለየ ነውና በግድግዳው ላይ ይቈይ።) በመጨረሻ ነጠላን ጠቅልሎ ከደኅናው ትከሻ በላይ ወደ ጀርባ መስደድ፥ የታችኛውን ጫፍ በታመመው እጅ ከወገብ በኋላ መያዝ፥ ላይኛውንም በለዘብታ መሳብ ነው። እያንዳንዱን 10 ጊዜ፥ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መሥራት በሳምንት አንድ ቀን ብዙ ከመድከም ይሻላል። መለኪያው ይህ ነው፤ ከልምምዱ በኋላ ሕመሙ ከአንድ ሰዓት በላይ ከቈየ ወይም ሌሊቱ ከባሰ መጠኑ በዝቷልና በማግሥቱ ይቀነስ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሚገኝበት ሐኪም ቤት ካለ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በእርሱ ፊት መለማመድ መልካም ነው።

ለሌሊቱ ደግሞ ሁለት ትራስ ያስፈልጋል። በጀርባ ሲተኙ አንዱን ከክርንና ከክንድ በታች ማድረግ፥ በደኅናው ጎን ሲተኙም ትራሱን ዐቅፎ የታመመውን ክንድ በላዩ ማሳረፍ ትከሻውን ከመሳብ ያድነዋል። ፓራሲታሞል በተወሰነለት መጠን ለብዙ ሰው ይረዳል። አይቡፕሮፌንና የመሰሉት ኪኒኖች ይበልጥ ያስታግሣሉ፤ ነገር ግን ጨጓራ ያለበት፥ ኵላሊቱ የታመመ፥ ግፊት ያለበት ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ አይውሰዳቸው። በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ ሆኖ እነዚህን ኪኒኖች መዋጥ ጨጓራን ይጎዳል፤ እንዲህ ያለ ሰው መድኃኒቱን ከምግብ በኋላ ወደሚሆንበት ሰዓት ስለ ማዛወር ሐኪሙን፥ ስለ ጾሙም የነፍስ አባቱን ይጠይቅ። የስኳር ሕሙማን ደግሞ ይህን ጥያቄ የትከሻ ሕመም እስኪመጣ ሊያቈዩት አይገባም።

በመጀመሪያው ወቅት ሐኪም በመጋጠሚያው ውስጥ የኮርቲዞን መርፌ ሊወጋ ይችላል። ይህ መርፌ ሕመሙን ከሥሩ አይነቅለውም፤ ለሳምንታትና ለጥቂት ወራት ግን ሥቃዩን አቅልሎ እንቅልፍና ልምምድ ይፈቅዳል። የስኳር ሕሙማን ከመርፌው በኋላ ለጥቂት ቀናት ስኳራቸው ከፍ ሊል ስለሚችል ሕመማቸውን ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ፥ በእነዚያ ቀናትም ስኳራቸውን ይለኩ። በማደንዘዣ ማላቀቅና በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ ከረጢቱን መክፈት የሚባሉ ሕክምናዎችም አሉ። በእንግሊዝ አገር በ503 ሕሙማን ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት እነዚህን ሁለቱን ከመርፌና ከፊዚዮቴራፒ ጋር አስተያይቶ፥ ከአንድ ዓመት በኋላ ከሦስቱ አንዱ ከሌላው ጎልቶ የሚበልጥ አለመሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ «ገንዘብ ቢኖረኝ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ እድን ነበር» እያለ የሚያዝን ሰው ሐዘኑ ይቅለልለት።

ስለ ስግደት ጥቂት እንበል፤ በሰሙነ ሕማማት ይህ ነገር ብዙ እናቶችን ያስጨንቃቸዋልና። ወደ መሬት ሲወርዱ ድንገት በእጅ ላይ መውደቅ፥ ሲነሡም በክንድ ሰውነትን መግፋት ለዚህ ትከሻ ከሥራ ሁሉ የከበደ ነው። ትከሻው እስኪፈታ ድረስ ስግደቱ በአስተብርኮ፥ በጕልበት ብቻ፥ ወይም ቆሞ ራስን ዝቅ በማድረግ እንዲሆን ከነፍስ አባት ጋር መነጋገር ይገባል። ታማሚዋ አፍራ ዝም ብትል እንኳ ልጆቿ ይናገሩላት። ማማተብ ያስቸገራት እንደ ሆነ ክንዷን ወደ ግንባሯ በግድ ከምታነሣ ግንባሯን ወደ እጇ ዝቅ ብታደርግ ይቀላል።

በቤት ውስጥ ያሉትም የሚያደርጉት አለ። ልብስ ሲለበስ አስቀድሞ የታመመው እጅ ወደ እጅጌው ይግባ፥ ሲወልቅ መጨረሻ ይውጣ። ጠጕሯን የምታበጥርላትና ሹሩባ የምትሠራላት ልጅ ወይም ጎረቤት ትኑር። ሕፃን በታመመው ክንድ አይታቀፍ፥ የውሃ ጄሪካንም በእርሱ አይንጠልጠል። ከራስ በላይ ያለው መደርደሪያ ዕቃው ወደ ወገብ ቍመት ይውረድ። ነገር ግን ለታማሚዋ በማዘን ሥራውን ሁሉ አይንጠቋት፤ ሽንኩርት መክተፍ፥ እህል መልቀም፥ ጠረጴዛ መወልወል፥ ቡና ማፍላት ክንዷ ከጎኗ ሳይርቅ የምትሠራቸው ናቸውና ለእርሷ ይቅሩላት። የዳነውን ትከሻ ሕመሙ ተመልሶ የሚይዘው ከስንት አንድ ነው፤ ደኅናው ትከሻ ግን ከዓመታት በኋላ ተራው ሊደርሰው ይችላል። በዚያኛው ወገን ነጠላ ሲጣል ወጋ ካደረገ፥ ክንዱ ገና ሳይያዝ በመጀመሪያው ሳምንት ሐኪም ይየው፥ ጽናውን የመሰለው ልምምድም በዚያው ሳምንት ይጀመር።